ቫልቩ ውስጥ ምን ይሆናል? በእንፋሎት ተርባይን መቆጣጠሪያ ቫልቭ የሚያልፈውን ፍሰት የማስላት ታሪክ



 የመረጥሁት ርእስ ለብዙዎቻችሁ ጠባብ ሊመስል ይችላል። ንግግሬ የሚያተኩረው ከተርባይኑ ፊት በምትቀመጥ አንዲት ቫልቭ፣ በውስጧ በሚያልፈው እንፋሎትና ይህን ፍሰት በሒሳብ ለማወቅ በተደረገው የሁለት መቶ ዓመት ገደማ ጥረት ላይ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ።

በአንድ ትዝታ ልጀምር። በወጣትነቴ ለሥራ ልምምድ ወደ አንድ የስኳር ፋብሪካ ተልኬ ነበር። ፋብሪካው የአገዳ ገለባ እያነደደ በሚያመነጨው እንፋሎት የሚሽከረከር ተርባይን ነበረው። ተርባይኑን የሚጠብቁት አዛውንት፣ ሁላችንም ጋሼ እያልን የምንጠራቸው ሰው፣ ከእጃቸው የማይለዩት አንድ ቀጭን የብረት ዘንግ ነበራቸው። አንዱን ጫፍ በቫልቩ አካል ላይ፣ ሌላውን በጆሯቸው ላይ ያደርጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። አንድ ቀን ጭነት እንድቀንስ ታዝዤ መዞሪያውን ሳዞር እጄን ያዙና፣ «ልጄ፣ እዚህ መሐል ላይ አታቁማት፤ ወይ አልፈህ ሂድ፣ ወይ ተመለስ፤ እዚህ ቦታ ትጮኻለች» አሉኝ። ለምን እንደምትጮኽ ብጠይቃቸው፣ «እሱንማ የተማራችሁት እናንተ ንገሩን» ብለው ሳቁ።

በዚያን ጊዜ የምነግራቸው ነገር አልነበረኝም። በመማሪያ መጽሐፎቼ ውስጥ ቫልቭ ማለት አንዲት የማባዣ ቁጥር ነበረች። ይህን ያህል ከፍተሃል፣ ስለዚህ ይህን ያህል እንፋሎት ያልፋል፤ ከዚህ የዘለለ አልነበረም። ስለ ጩኸት የሚናገር እኩልታ አላየሁም። የዛሬው ንግግሬ እጅግ የዘገየ መልስ ነው ብትሉ አልቃወምም።

ታሪኩ እንዲገባን የቫልቩን ሥራ ጥቂት ላብራራ። በዛሬ ትልልቅ የኃይል ማመንጫዎች እንፋሎቱ ወደ ቫልቩ የሚደርሰው በ16 ሜጋፓስካል ገደማ ግፊትና በ540 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሙቀት ነው፤ ከዚህም በላይ የሆኑ አሉ። የመዝጊያው ዲያሜትር 20 ሳንቲሜትር ቢሆንና ከበላዩ ይህ ግፊት ቢያርፍበት፣ ከበታቹ ደግሞ ምንም ግፊት ባይኖር፣ የሚጫነው ኃይል ከ50 ቶን ክብደት ጋር የሚተካከል ነው። ይህን የተሸከመ መዝጊያ በሚሊሜትር ልክ ከፍና ዝቅ እያለ የተርባይኑን ፍጥነት ሊጠብቅ ይገባዋል። የኤሌክትሪክ መስመሩ በድንገት ቢቋረጥ ደግሞ ከሰከንድ ክፍልፋይ በሆነ ጊዜ መዘጋት አለበት። ቢዘገይ ጭነት ያጣው ሮተር ፍጥነቱ እየጨመረ ሄዶ ራሱን ይበጣጥሳል። ዘንጉ በንዝረት ተሰብሮ መዝጊያው ክፍት ቢቀር ምን ሊደርስ እንደሚችል ለእናንተ መዘርዘር አያስፈልገኝም።

እንፋሎትን በቫልቭ መግታት ከተርባይን በፊት የነበረ ሥራ ነው። ጄምስ ዋት በ1788 የሚሽከረከሩ ኳሶች ያሉትን ገቨርነር ከእንፋሎት ሞተር ጋር ሲያያይዝ፣ ኳሶቹ የሚያንቀሳቅሱት በቧንቧው ውስጥ የምትዞር አንዲት ክብ ዝርግ ብረት ነበር። ሐሳቡን ያገኘው በእህል ወፍጮዎች ላይ አስቀድሞ ይሠራበት ከነበረ መሣሪያ ነው። በ1868 ጄምስ ክላርክ ማክስዌል ስለ ገቨርነሮች የጻፈው ጥናት የቁጥጥር ሳይንስ መነሻ ተደርጎ ይወሰዳል። በ1895 ደግሞ በዙሪክ አዶልፍ ሁርቪትዝ፣ ባልደረባው አውሬል ስቶዶላ ስለ ተርባይን ቁጥጥር ላቀረበለት ጥያቄ መልስ ሲሰጥ፣ ተማሪዎቻችን ዛሬም የሚለማመዱበትን የመረጋጋት መስፈርት አወጣ። በእነዚህ ድንቅ ሥራዎች ሁሉ ግን ቫልቩ ታዛዥ አገልጋይ ነው፤ ሲታዘዝ ይከፍታል፣ ሲታዘዝ ይዘጋል፣ የራሱ ጠባይ የለውም።

የፍሰቱ ጥያቄ በሌላ መንገድ ነበር የሚጓዘው። በ1839 ፈረንሳውያኑ ባሬ ደ ሴንት ቬናንና ቫንዜል ጋዝ በቀዳዳ ሲወጣ ምን ያህል እንደሚያልፍ የሚያሰላ ቀመር አገኙ። ቀመሩ ግን አስገራሚ ነገር ይናገር ነበር። በውጭ በኩል ያለውን ግፊት ስትቀንሱ ፍሰቱ እስከ አንድ ጣሪያ ይጨምርና ከዚያ እያነሰ ሄዶ፣ ውጪው ባዶ በሚሆንበት ጊዜ ፈጽሞ ይቆማል ይላል። ወደ ባዶ ቦታ የተከፈተ ቀዳዳ ምንም አያሳልፍም ማለት ነው! ሙከራቸው ያሳየው ሌላ ነበር፤ ፍሰቱ ጣሪያው ላይ ከደረሰ በኋላ ውጪው ምንም ይሁን ምን ሳይለወጥ ይቀጥላል። ሁለቱ ሰዎች ስህተቱ የት እንደሆነም ጠርጥረው ነበር፤ በቀዳዳው አፍ ያለው ግፊት ከውጪው ግፊት ጋር እኩል ነው የሚለውን ግምት ተጠራጠሩ። ሥራቸው ግን ለብዙ ዓመታት አስታዋሽ አላገኘም።

መሐንዲሶች በዚህ መሐል ሊጠብቁ አልቻሉም። በ1860ዎቹ ናፒየር በሙከራ ያገኘው ደንብ በወርክሾፖች ሁሉ ተዳረሰ። የቀዳዳውን ስፋት በኢንች ካሬ፣ ግፊቱን በፓውንድ በኢንች ካሬ ውሰድ፣ አባዛና ለ70 አካፍል፤ በሰከንድ የሚያልፈውን እንፋሎት በፓውንድ ታገኛለህ። ደንቡ የውጪው ግፊት በበቂ ሁኔታ ዝቅ ሲል ብቻ የሚሠራ ነው። እንዲህ ያለ ቀላል ነገር ለምን እንደሚሠራ የሚያስረዳ አልነበረም፤ ግን ይሠራል። የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበር ለደኅንነት ቫልቮች ባወጣው ደንብ ውስጥ 51.5 የሚል ቁጥር ታገኛላችሁ። 3600 ሰከንድን ለ70 ብታካፍሉ 51.4 ይሆናል። የናፒየር ጣት እስከ ዛሬ ከቀመራችን አልተነሣም ለማለት ነው።

ማብራሪያው የመጣው በ1880ዎቹ አጋማሽ ከማንቸስተሩ ኦስቦርን ሬይኖልድስ ነው። በጠባቡ ቦታ የጋዙ ፍጥነት ከድምፅ ፍጥነት ጋር ሲተካከል፣ ከታች ያለው የግፊት ለውጥ ወደ ላይ ተመልሶ ሊሰማ አይችልም። በጎርፍ ውስጥ ወደ ላይ የሚዋኝ ሰው የዋናው ፍጥነትና የጎርፉ ፍጥነት እኩል ሲሆኑ ባለበት እንደሚቀር ማለት ነው። ለደረቅ የጋለ እንፋሎት ይህ የሚሆነው የታችኛው ግፊት ከላይኛው 0.546 እጅ ገደማ ሲሆን ነው።

በእነዚያው ዓመታት ተርባይኑ ተወለደ። ቻርልስ ፓርሰንስ በ1884 የሠራው የመጀመሪያ ማሽን በደቂቃ 18,000 ጊዜ ይዞር ነበር። ፓርሰንስ ቫልቩን በከፊል ከፍቶ ከማቆየት ይልቅ እንፋሎቱን በትንፋሽ በትንፋሽ የማስገባትን ዘዴ መረጠ፤ ጭነት ሲጨምር ትንፋሹ ይረዝማል፣ ሲቀንስ ያጥራል። እንደ ግል አስተያየቴ ይህ የዋዛ ብልሃት አልነበረም፤ ቫልቩ በመሐለኛው አከፋፈት ላይ እንዳይቆይ ያደርጋልና የጋሼን ምክር አስቀድሞ የሰማ ይመስላል። ከዚያ በኋላ ግን የቻርልስ ከርቲስን ዓይነት ማሽኖች በመከተል፣ ኖዝሎቹን በቡድን ከፋፍሎ ለእያንዳንዱ ቡድን የራሱን ቫልቭ መስጠትና ቫልቮቹን በተራ መክፈት ተለመደ። ለነዳጅ ቁጠባ መልካም ነው። ነገር ግን ከቫልቮቹ አንዱ ሁልጊዜ በከፊል ተከፍቶ ይቆያል፤ ያ በተራው ያለው ቫልቭ መከራውን ሁሉ ይቀበላል።

ስለ ስቶዶላ ጥቂት ልቆይ፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ አብልጬ የምወደው ሰው ነውና። በዛሬዋ ስሎቫኪያ በ1859 ተወለደ፤ በዙሪክ ፖሊቴክኒክ ለረጅም ዓመታት አስተማረ። በ1903 የታተመው የእንፋሎት ተርባይኖች መጽሐፉ በየእትሙ እየሰፋ የመስኩ ዋና መመሪያ ሆነ። በዚያን ጊዜ ስዊድናዊው ጉስታፍ ደ ላቫል ጠቦ እንደገና የሚሰፋ ኖዝል ሠርቶ በተርባይኑ ይጠቀምበት ነበር፤ በውስጡ እንፋሎቱ በእርግጥ ከድምፅ ይፈጥናል ወይ የሚለው ግን ገና ያከራክራል። ስቶዶላ በክርክሩ አልተወሰነም። በኖዝሉ መሐል ለመሐል ቀጭን ቱቦ አሳለፈ፤ በቱቦው ጎን ትንሽ ቀዳዳ አበጀ፤ ቱቦውን በጥቂት በጥቂቱ እየገፋ በየነጥቡ ያለውን ግፊት መዘገበ። ካገኛቸው መስመሮች መካከል አንዳንዶቹ በለሆሳስ ሲወርዱ ቆይተው በድንገት ሽቅብ ይዘላሉ። ያ ዝላይ ዛሬ ሾክ ሞገድ የምንለው ነው፤ በብረት ግድግዳ ውስጥ ተሰውሮ የነበረ ነገር በወረቀት ላይ ታየ።

ስቶዶላ ያየው ግን ቀጥ ባለ ኖዝል ውስጥ የሚሆነውን ነው። ቫልቭ ኖዝል አይደለም። እንፋሎቱ ከጎን ይመጣል፣ በመዝጊያው ዙሪያ ይጠመዘዛል፣ በመዝጊያውና በመቀመጫው መካከል ባለች ቀለበት መሰል ስንጥቅ ሾልኮ ይወጣል፣ ከዚያም ወደሚሰፋ ቧንቧ ይወርዳል። ከስንጥቁ የወጣው ጄት የሚጣበቅበትን ግድግዳ ይፈልጋል። አንዳንዴ የመቀመጫውን ግድግዳ ይከተላል፣ አንዳንዴ የመዝጊያውን ሆድ ይዞ ወደ መሐል ይወርዳል፣ አንዳንዴ ደግሞ በሁለቱ መካከል ይዋልላል። ይህን በአንድ ቀጭን ቱቦ መከታተል አይቻልም።

እኩልታዎቹ ግን ቀድሞውኑ ነበሩ። ናቪየ በ1822 ጀምሮት ስቶክስ በ1845 ያጠናቀቀው የእኩልታ ሥርዓት የቫልቩንም ፍሰት የሚገዛ ነው። ችግሩ መፍታቱ ነበር። በ1922 እንግሊዛዊው ሉዊስ ፍራይ ሪቻርድሰን የአየር ጠባይን በስሌት ለመተንበይ የሚያስችል መንገድ በመጽሐፍ አሳተመ፤ በአንድ ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ 64,000 ሰዎች ተቀምጠው እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቁራጭ ዓለም ሲያሰሉ በምናቡ ተመለከተ። የራሱ የሙከራ ትንበያ ፈጽሞ ስቶ ነበር። ሐሳቡ ግን ዛሬ በየኮምፒውተራችን የሚሠራው ነው፤ ቦታውን በትናንሽ ሕዋሳት መከፋፈል፣ እያንዳንዱ ሕዋስ ከጎረቤቱ ጋር የሚለዋወጠውን ማስላት። በ1928 ኩራንት፣ ፍሪድሪክስና ሌቪ የጊዜው እርምጃ ከሕዋሱ መጠን አንጻር ከልክ ካለፈ ስሌቱ እንደሚፈርስ አሳዩ።

ይህ የመጨረሻው ነገር ለቫልቭ ምን ማለት እንደሆነ በቁጥር ላሳይ። በ540 ዲግሪ እንፋሎት ውስጥ ድምፅ በሰከንድ 700 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሕዋሳችሁ አንድ ሚሊሜትር ቢሆን፣ ድምፅ በ1.4 ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያቋርጠዋል። እርምጃችሁ ከዚህ መብለጥ የሌለበት የስሌት ዘዴ ብትጠቀሙ፣ የአንድ ሰከንድ ጩኸት ለማስላት 700,000 ያህል እርምጃ፣ በእያንዳንዱም እርምጃ ሚሊዮኖች ሕዋሳት ያስፈልጓችኋል። የሪቻርድሰን አዳራሽ በምን ያህል ዘመን ይጨርሰው ነበር?

ሾክ ሞገድን በስሌት ለመያዝ የተገኘው የመጀመሪያ ብልሃት የጦርነት ልጅ ነው። ፎን ኖይማንና ሪክትማየር በ1950 ባወጡት ሥራ፣ በእኩልታው ውስጥ ሰው ሠራሽ ዝልግልግነት በመጨመር ዝላዩን በጥቂት ሕዋሳት ላይ እንዲለዝብ አደረጉ። በሎስ አላሞስ ፍራንሲስ ሃርሎው የመራው ቡድን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የፈለሰፋቸው ዘዴዎችም የዚያው ቤት ፍሬ ናቸው። ቦምብ ለመሥራት የተገዛ ኮምፒውተር ያስለመደንን ስሌት ዛሬ መብራት ለሚያመነጭ ቫልቭ እንጠቀምበታለን። ይህን ሳስተምር ሁልጊዜ ቅር ይለኛል፤ መሸሸግ ግን አይገባም።

ወደ መሐንዲሱ ጠረጴዛ ያደረሰው የለንደኑ ኢምፔሪያል ኮሌጅ ነው። ብሪያን ስፖልዲንግና ተማሪው ሱሃስ ፓታንካር በ1972 ሲምፕል የተባለውን ዘዴ አሳተሙ፤ ስሙ ቀላል ማለት ቢሆንም ቀላልነቱን ተማሪዎቼ እስካሁን አላመኑልኝም። በ1974 ሎንደርና ስፖልዲንግ የተርቡለንስን ሁከት በሁለት ተጨማሪ እኩልታዎች የሚወክለውን ሞዴል በተስተካከለ መልኩ አቀረቡ። በ1981 ፊኒክስ፣ በ1983 ፍሉየንት የተባሉት ፕሮግራሞች ለገበያ ወጡ። በ1994 መንተር ፍሰት ከግድግዳ የሚላቀቅበትን ቦታ በተሻለ የሚገምት የተርቡለንስ ሞዴል አሳተመ፤ ለቫልቭ ይህ ትልቅ ነገር ነበር፣ ጄቱ የትኛውን ግድግዳ ይዞ የት እንደሚለቅ ዋናው ጥያቄ ነውና። በ2004 ደግሞ ኦፕንፎም ለማንም በነጻ ተለቀቀ፤ የፈቃድ ክፍያ ለማይችል እንደ እኛ ላለ ተማሪ በር ከፈተ።

አሁን ወደ ጩኸቱ ልመለስ። ቫልቮች እንደሚጮኹና እንደሚንቀጠቀጡ አምራቾች አሳምረው ያውቁ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ሃይማንና ስታያኖ በአሜሪካ ስለ ተርባይን ቫልቭ ጩኸት ጥናት አቀረቡ፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ በጃፓን የቶሺባ መሐንዲሶች ስለ ንዝረቱ ጻፉ። እነዚህ በሞዴል ቫልቭ ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ነበሩ፤ የመዝጊያውን ቅርጽ ቀይር፣ ለካ፣ እንደገና ቀይር። ኮምፒውተሩ ሲመጣ ብዙዎች ሙከራው ይቀራል ብለው ተስፋ አደረጉ።

የመጀመሪያዎቹ የቫልቭ ስሌቶች ግን ጩኸቱን አላገኙትም። ምክንያቱን በግልጽ መናገር አለብን። ኮምፒውተሩ ደካማ ስለነበር ስሌቱን ለማቃለል ሁለት ግምቶች ይደረጉ ነበር። አንደኛው፣ ቫልቩ ክብ ስለሆነ ፍሰቱም ክብ ነው፤ ስለዚህ አንድ ቁራጭ ወይም ግማሹን ማስላት ይበቃል። ሁለተኛው፣ ፍሰቱ በጊዜ አይለዋወጥም። ሁለቱም ግምቶች የሚያልፈውን የእንፋሎት መጠን ለማወቅ ይጠቅማሉ፤ ከሙከራ ጋርም ጥሩ ይስማማሉ። ችግሩ ስምምነቱ ራሱ ነበር። መሐንዲሱ የፍሰቱ መጠን በጥቂት በመቶ ልዩነት ሲገጥምለት ሥዕሉም ሁሉ እውነት ነው ብሎ አመነ። በግማሽ ቫልቭ ላይ የተሠራ ስሌት ከግራ ወደ ቀኝ የሚገፋ ኃይል ሊያሳይ አይችልም፤ ገና ሲጀመር ከልክሎታልና።

በ2000ዎቹ የጃፓን የኤሌክትሪክ ኃይል ኢንዱስትሪ ማዕከላዊ ምርምር ተቋም ተመራማሪዎች፣ ሞሪታና ኢናዳን ጨምሮ፣ ሙሉውን ቫልቭ በጊዜ በሚለዋወጥ ፍሰት አሰሉ፤ ጎን ለጎንም በሞዴል ቫልቭ ላይ ሙከራ አደረጉ። ያገኙት ይህ ነው። በመሐለኛው አከፋፈት ላይ ጄቱ በዙሪያው ሁሉ እኩል አይወርድም። በአንድ ወገን የመዝጊያውን ሆድ ይዞ ይወርዳል፤ ከመዝጊያው ሥር ካለው ፍሰት ጋር ሲጋጭ በዚያ ወገን ከፍተኛ ግፊት ይፈጠራል፤ ይህ የግፊት ክምር በአንድ ቦታ ሳይረጋ በመዝጊያው ዙሪያ ይሽከረከራል። ዘንጉን ወደ አንድ ጎን፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጎን፣ ያለ ማቋረጥ ይገፋዋል። ቫልቩ ይበልጥ ሲከፈት ወይም ይበልጥ ሲዘጋ ክምሩ ይጠፋል። ወይ አልፈህ ሂድ፣ ወይ ተመለስ!

ይህን ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብሁ ዕለት ጋሼን ማሰቤ አልቀረም፤ የብረት ዘንጋቸውን ይዘው እዚያው የቆሙ መስሎ ታየኝ።

መፍትሔውም ከዚሁ ይከተላል። የመዝጊያው ሆድ ክብና ለስላሳ ከሆነ ጄቱ የሚለቅበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል፤ ምርጫውም ይዋልላል። ሆዱን ጠፍጣፋ አድርጎ በመቁረጥ ወይም ወደ ውስጥ በማጎድጎድ ስለታም ጠርዝ ብታበጁለት፣ ጄቱ በዙሪያው ሁሉ በዚያ ጠርዝ ላይ ለመልቀቅ ይገደዳል። እንዲህ ያሉ መዝጊያዎች ከለስላሳዎቹ ይልቅ የረጉ መሆናቸውን ሙከራም ስሌትም አሳይተዋል። ጥቂት የግፊት ብክነት ሊጨምር ይችላል፤ ዘንግ ከሚሰበር ግን ይሻላል።

ጥያቄው በቫልቩ ወሰን ብቻ እንደማይቀርም አንድ ምሳሌ ላንሣ። በአሜሪካ ኢሊኖይ በሚገኘው የኳድ ሲቲስ የኑክሌር ማመንጫ ሁለተኛው ክፍል፣ ኃይሉ እንዲጨምር ከተደረገ በኋላ በ2002 የእንፋሎት ማድረቂያው ተሰነጠቀ፤ ተጠግኖም በ2003 እንደገና ተጎዳ። መንሥኤው በዋናው የእንፋሎት መስመር ላይ የተተከሉት የደኅንነት ቫልቮች የቆሙባቸው አጫጭር ቧንቧዎች ነበሩ፤ የእንፋሎቱ ፍጥነት ሲጨምር በአፋቸው ላይ ሲያልፍ እንደ ዋሽንት አስጮኻቸው። ቫልቮቹ ዝግ ነበሩ። የአሜሪካ መሐንዲሶች ከዚያ ወዲህ ኃይል ለመጨመር ሲያመለክቱ የመስመሩን ድምፅ ጭምር እንዲያሰሉ ይጠየቃሉ።

በአገራችን መብራት በአብዛኛው ከውሃ ስለሚመነጭ ይህ ሁሉ ሩቅ ሊመስላችሁ ይችላል። ነገር ግን በስኳር ፋብሪካዎቻችን፣ በአሉቶ ላንጋኖ የከርሰ ምድር እንፋሎት ማመንጫና በ2018 በተመረቀው የረጲ ቆሻሻ ማቃጠያ ተርባይኖች አሉ። በስኳር ፋብሪካ ጭነቱ ከወፍጮው ጋር ስለሚወጣና ስለሚወርድ ቫልቮቹ በመሐለኛው አከፋፈት ላይ ብዙ ሰዓት ያሳልፋሉ። በውጭ አገርም የፀሐይና የነፋስ ኃይል እየበዛ በሄደ መጠን፣ ቀድሞ በሙሉ ጭነት ይሠሩ የነበሩ የእንፋሎት ማመንጫዎች በቀን ብዙ ጊዜ ከፍ ዝቅ እንዲሉ ተገደዋል። መሐለኛው አከፋፈት እንደ ድሮው የአንዳንድ ደቂቃ ማለፊያ መሆኑ ቀርቷል።

ስሌቱ ዛሬ የት ደርሷል? ትልልቆቹን ሽክርክሪቶች በቀጥታ የሚያሰሉ ዘዴዎች ለሙሉ ቫልቭ ተሞክረዋል፤ ዘንጉ ሲንቀጠቀጥ ፍሰቱን መልሶ እንዴት እንደሚለውጠው የሚያሰሉም አሉ። የቀረው ብዙ ነው። እንፋሎቱ ሲሰፋ በውስጡ የሚወለደው ጠብታ፣ በዘንጉና በማቀፊያው መካከል ያለው ፍትጊያ፣ ከዓመታት አገልግሎት በኋላ የሰፋው ክፍተት፤ እነዚህ በአዲስ ቫልቭ ሥዕል ላይ አይገኙም። የምናሰላው ፋብሪካው የሸጠልንን ቫልቭ ነው፤ የሚጮኸው ግን 30 ዓመት የሠራው ነው። በዚህ ረገድ ከላቦራቶሪያችን ሁለት ተማሪዎች ከአገልግሎት የወጣ መዝጊያ በመለካት የተበላውን ቅርጹን ወደ ስሌት ለማስገባት ሥራ ጀምረዋል፤ ውጤቱን እነርሱ በሌላ ጊዜ ያቀርቡላችኋል።

የተሰጠኝ ሰዓት አልቋል፤ እዚህ ላይ ላብቃ። ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አንሡ፤ ከኋላ ረድፍ ብንጀምር ደስ ይለኛል።